እስከ ቺምፓንዚ የቆጠርኩ ዕለት

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ቫይረስ አንድ ነገር ጻፍኩ። በዚያ ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ እንዳነብበው መረጠኝ፤ ሳነብ እነዚያ ወሬ የማያጡ የኋላ ወንበሮች እንኳ ጸጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ከእጄ አላወርደውም ነበር።

የጻፍኩት እንዲህ ነው። ሰው ሰው ሳይሆን፣ ቺምፓንዚም ቺምፓንዚ ሳይሆን በፊት፣ አንድ ቫይረስ የሁለቱን የጋራ ቅድመ አያት ያዘ። የገባውም ዘር በሚተላለፍበት ሴል ውስጥ ነው። እዚያው ዲኤንኤው ላይ እንደ ጥልፍ ተሰፍቶ ቀረ፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ወረደ። ዛሬ በእኛም በቺምፓንዚም ውስጥ ያው ቫይረስ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። በአጋጣሚ እንዲህ አይገጥምም፤ ዘመዳሞች ነን ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ቫይረሶች ብዙዎቹ ተሰባብረው ዝም ብለዋል። አንዳንዱ ግን ጠቅሞናል፤ ሕፃን በእናቱ ሆድ የሚመገብበት እንግዴ ልጅ እንኳ ከእነሱ በተወረሰ ነገር እየታገዘ ነው የሚሠራው።

የእህቴ ዘር የሚቆጠረው በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ዘር እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጠራል። ሰባት ሳይሞላ አንድ ወላጅ ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ። እህቴና እጮኛዋ አማኑኤል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምራሉ፤ ሦስት ዓመት ተጠባብቀዋል።

ቅዳሴ እንደወጣ የነፍስ አባታችን ቤታችን መጡ። ዘር በማወቅ የታወቁ አንድ ሽማግሌም ከይጁቤ መጥተው ነበር። ከአባቴ ጋር ተቀመጡ፤ እኔ ስሞቹን እንድጽፍ ተጠራሁ። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነበረች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። አንዲት ሴት በሁለቱም ወገን መጣች። በእጮኛዋ በኩል ሰባተኛ ቤት ናት፤ በእኛ በኩል ግን ስድስተኛ።

አንዲት ቤት ጎደለች። በኋላ የነፍስ አባታችን፣ በአንዱ ወገን ሰባት ስለሞላ፣ ንስሐ ገብተው ቢጋቡ እሳቸው እንደማይከለክሉ ተናገሩ። የአባቴ ፊት ፈታ አለ። ሽማግሌውም እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ወደ ማለቱ አዘንብለው ነበር። ምነው ያኔ ዝም ባልኩ።

እኔ ግን ደብተሬ ጭኔ ላይ ነው። እህቴን የምረዳት መሰለኝ፤ እስከ ቺምፓንዚ ድረስ ከተዛመድን አንዲት ቤት ብትጎድል ምን አላት? ላንብብላችሁ ወይ አልኩ። አባቴ አርፈሽ ጻፊ አለኝ፤ የነፍስ አባታችን ተዋት አሉት። አነበብኩ፤ ክበቡ ላይ ካነበብኩት አሳምሬ።

«ታዲያ ለአንቺ ከዓባይ በረሃ ዝንጀሮ እንፈልግልሽ?» አሉ ሽማግሌው። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴም ጭምር።

ከዚያ ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ያ በሽታ ስንት ዘመን እንደቆየ ጠየቁኝ። ብዙ ሚሊዮን ዓመት አልኳቸው፤ እንዲያውም በኩራት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከደም አልወጣም?»

«አልወጣም። እርስዎም ውስጥ አለ።»

ወደ አባቴ ዞሩ። «እንግዲህ ከልጅህ አፍ ሰማህ። በሽታ እንኳ ያን ያህል ዘመን ከደም ካልወጣ፣ ዝምድና በስድስት ቤት ይወጣል?»

እንደዚያ ማለቴ አይደለም፣ ያ ሌላ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ቃሉ ተምታታብኝ፤ የሚሰማኝም አልነበረም። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ። አባቴ ስሞቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ተቀበለኝ፤ አራት ቦታ አጠፈው። ለእጮኛዋ ቤተሰብ ጋብቻው ቀርቷል ተብሎ እንዲነገር ተስማሙ።

ጓዳ ስገባ እህቴ ለሠርጉ የእጮኛዋ ጋቢ የሚሠራበትን ጥጥ ትፈትላለች። ሁሉንም ሰምታለች። ትጮኽብኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሽማግሌውን እንኳ ገባቸው።»

እንዝርቱን አላቆመችም። ለማን እንደምትፈትል መጠየቅ አቃተኝ።