የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ በሮም

«እኔ ስበላ ፊት ለፊቴ አትቀመጪ።»

እንዲህ ያለችኝ አማቴ ልትሆን የነበረችው ሴትዮ ናት። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ልጇ ቤት፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ አድርሳ ይዛው ነው ያለችኝ። «እሳቸው» ብዬ ልጽፍላት ይገባ ነበር፤ በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች። አልጽፍም። ፊቷ ላይ እማማ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ ከርሜያለሁ፤ ይበቃታል።

ልጇ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። «ወንበር ቀይሪ፣ ምን አለበት» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ እሷ እንዳይገባት። ቀየርኩ። ከጎኗ ተቀምጬ ጆሮዋን እያየሁ በላሁ።

ነገሩ የመጣው ከሰባት ቤት ቆጠራ ነው። ሽማግሌ ተልኮ እናቴ እሺ ካለች በኋላ፣ ዝምድና እንዳይኖር ዘር ይቆጠር ተባለ። አሜሪካ ተቀምጦ ሰባት ቤት! የአባቴን ወገን ቆጠርኩላቸው። በእናቴ በኩል አያቴ ላይ ስደርስ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለች። ሴትዮዋ መች ዝም ትላለች፤ ጎንደር ያሉ ዘመዶቿን ኮል አደረገች። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። አያቴ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለች መንደር ናት፤ ቤተ እስራኤል ናት፤ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ክርስትና የተነሳችው ስታገባ ነው። ለሴትዮዋ ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ቡዳ። ሰው ሲበላ አይቶ ሰውየውን የሚበላ።

እናቴን ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ውስጥ አፋጠጥኳት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው» አለችና የሥራ ዩኒፎርሟን መተኮሷን ቀጠለች።

አያቴ ይሁዲ ሆና መገኘቷ እኔን አልከበደኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንድ ነገር በእጇ የምትሠራ ሰው ከኋላዬ አለች። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን «እኛ እስራኤል ዘነፍስ ነን» ተብሎ ሲሰበክ ከሁሉ በላይ እልል የምትል ናት። ሳሎኗ ውስጥ ንግሥት ሳባ ሰለሞን ፊት የቆመችበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የነፍስ እስራኤል ግድግዳዋ ላይ ትሰቀላለች፣ የሥጋ እስራኤል ገበታዋ ፊት አትቀመጥም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት እጮኛዬን፣ መኪናው ውስጥ።

«ትለምደዋለች። ታይም ስጫት።»

ከሱ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ፊት፣ እናቱ ፊት፣ «አያቷ ቤተ እስራኤል ናት፣ እኔም አገባታለሁ» እንዲል። ይህቺን ካለ ሠርጉ አለ፤ ካላለ የለም። ለሱም እንዲሁ ብዬ ነገርኩት። «እሺ፣ እላለሁ» አለ። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ሌላ ወሬ አመጣ።

የሮም ትኬት ግን ከቆጠራው በፊት ተቆርጦ ነበር። ለእናቱ ስጦታ ብሎ ለሦስታችን የገዛው ነው፤ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት። እሷ እንደምቀር ተስፋ አድርጋ ነበር። አልቀረሁም። እነሱ ስለ ኮሎሲየም ሲያወሩ እኔ ከሥራዬ፣ ሒሳብ ከምቀበልበት የፓርኪንግ መስታወት ቤት ውስጥ ሆኜ፣ የሮምን የአይሁድ ሰፈር በእግር የሚያስጎበኝ ቱር ለሦስታችን ቡክ አደረግኩ። «ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ያሉበት ሰፈር ነው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ አሉበት።

ሆቴሉ ውስጥ እሱ ለብቻው፣ እኔና እሷ አንድ ክፍል ነበርን። ሳንጋባ ከልጇ ጋር እንዳላድር ብላ ነው፤ በገዛ ሕጓ ተያዘች። መስቀሏን ትራሷ ሥር ከታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አደረች።

ጠዋት ቁርስ ላይ ትክክል ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለራሴ ምንም አላነሳሁም። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አየኋት።

«ይብሉ እንጂ፣ እማማ።»

«እበላለሁ።»

«ፊትዎ ሲያምር! ይሄን ቆዳ እንዴት ነው የሚጠብቁት? አበላልዎም ደስ ሲል።»

ትፍ ትፍ አላልኩም። ሰው ሰውን ሲያደንቅ ትፍ ትፍ ማለት እንዳለበት እኔም አውቃለሁ። ዳቦው እጇ ላይ ቀረ። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሳህኑን ሸፈነችው፣ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ሽንኩርት አውጥታ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠች። ልጇ ከጥርሱ ሥር «ተይ» አለኝ።

«ምን አደረግኩ? አደነቅኳቸው እኮ!»

ማታም እንዲሁ አደረግኳት። በማግስቱም። በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋ ብስኩት ስትቆረጥም በበሩ ሰማኋት። እንደዚያ ድምፅ የጣፈጠኝ ምግብ እስከ ዛሬ የለም።

የቱሩ ቀን አስጎብኚዋ ወንዙ ዳር፣ ምኩራቡ በር ላይ ጠበቀችን፤ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። ከኛ ሌላ ጥቂት ፈረንጆች ነበሩ። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። መንገዱ ጠባብ፣ ንጣፉ ድንጋይ ነው። ተረከዟ ድንጋዩ መሃል እየገባ ይይዛታል፣ ሆዷም ባዶ ነው። ቀስ እንበል አላልኩም።

አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ ተጠግታ ግድግዳውን ተሳለመች። አስጎብኚዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና ተናገረች። ይሄ ሰፈር ድሮ በቅጥር የታጠረ ነበር፤ ማታ በሩ አይሁዶቹ ላይ ይቆለፋል። በሰንበታቸው፣ ቅዳሜ፣ በጳጳሱ ትእዛዝ አይሁዶቹን እየነዱ ወደዚች ቤተ ክርስቲያን አምጥተው በግድ ስብከት ያሰሟቸው ነበር። አንዳንዶቹ ጆሯቸውን በሰም ይደፍኑ ነበር። ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት። ከራሴም ጨመርኩበት፦

«የኔ አያት ሰም አላገኘችም፣ እማማ።»

ከግድግዳው ዞር ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ አስጎብኚዋ በየቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ የተተከሉ፣ ነሐስ የለበሱ ትንንሽ ድንጋዮች አሳየችን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚያ ቤት ተወስደው የተገደሉ አይሁዶች ስም ነው የተቀረጸባቸው። አንደኛው የሕፃን ነው። ይህን ስተረጉምላት ሴትዮዋ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተንበረከከች። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ነሐሱን ወለወለችው። «ውይ የኔ እናት፣ ውይ ምስኪን» እያለች አለቀሰች። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

የአስጎብኚዋ ልብ ተነካ። ትከሻዋን ይዛ «ቤተሰባችሁ ውስጥ አይሁድ አለ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

«በላት» አለችው ልጇን፣ እኔን ዘላ፣ እንባዋን እየጠረገች። «የሰለሞን ዘር ነን፣ እኛም እስራኤል ነን በላት።»

እሱም አለላት። ፈረንጆቹ «ዋው» አሉ።

«አይሁዷ የኔ አያት ናት» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሸክላ ትሠራ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሲበሉ ፊታቸው አያስቀምጡኝም። ጠይቂው።»

አስጎብኚዋ ወደ እሱ ዞረች። ፈረንጆቹም ዞሩ። እኔም አየሁት። ታይም ሰጠሁት፤ ታይም ይወዳል።

«ቀልዷን ነው» አላቸው እየሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ በአማርኛ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። አያትሽን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

«ይቺ አስጎብኚ ጠየቀችን። አሁን ደግሞ አንተን እየጠየቀችህ ነው።»

«ሆቴል ስንገባ እናወራለን አልኩሽ!»

እናቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። አልተረጎምኩላትም።

«ፓስፖርቴን ስጠኝ» አልኩት። የሦስታችንም እሱ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር።

«አብደሻል?»

እጄን ሰድጄ ሦስቱንም አወጣሁ። የራሴን ይዤ የነሱን እናቱ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። ስልኮቻችን ሮም አይሠሩም ነበር፤ ከሆቴሉ የተሰጠን የወረቀት ካርታ ደግሞ እኔ እጅ ነው።

«ካርታውስ?» አለ። «በየት በኩል ነው የመጣነው? እማዬ መራመድ አትችልም!»

ካርታውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወንዙ ላይ ወዳለው ድልድይ ሄድኩ።