ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥናችን ከሞተ ዓመት ቢያልፈውም ሳሎን ውስጥ ቦታውን አልለቀቀም። እናቴ ነጭ ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት፤ ለእንግዳ ደህና ይመስላል። አባቴ ለቆራሌው አልሰጥም አለ። ቆራሌው መዳቡን ነቅሎ የቀረውን ወንዝ ዳር ሲደፋው አይቷል።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ኦሎምፒያ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር፤ የገዛውም ከአንዱ ነው። «የሸጠ ያንሳው» ብሎ፣ አንዱን ጎን እኔን አሸክሞ ወሰደው። ባለሱቁ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ «አባቴ፣ ዕቃ ከበር ከወጣ የገዢው ነው» አለን። ያንን ሬሳ ተሸክመን በሰው መሀል ስንመለስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ለታላቅ እኅቴ ሽማግሌ መጣ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ያ ባለሱቅ ነበር፤ ለካ የልጁ አጎት ኖሯል! አባቴ ወዲያው ለየው። እሱ ግን አላስታወሰንም። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ወደ ዳንቴሉ ዞሮ «የእሑዱ ፕሮግራም አልደረሰም? እስቲ ይከፈት» አለ።

እናቴ ቀደመች። «መብራት ጠፍቷል፣ ወንድሜ።»

ይህን ከማለቷ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመው ፍሪጅ ተንቀጥቅጦ ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

አባቴ ቢተወው ምን ነበረበት! ተነሥቶ ዳንቴሉን ገፈፈው።

«ይህ ከእርስዎ ሱቅ የተገዛ ነው። ከበር ከወጣ የገዢው ነው ብለውኛል። ልጄም ነገ ከዚህ በር ትወጣለች። ብትታመም፣ ኑሮው ባይሆንላት፣ የእናንተ ናት ብዬ በሬን አልዘጋባትም። ከእጄ የወጣውን አልክድም እኔ።»

ባለሱቁ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ነገሩን አበረዱት፤ እኅቴም ተፈቀደች። እሷ ግን ጓዳ ሆና፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሁሉንም ሰምታለች።

በማግስቱ የሱቁ ፒክአፕ መጥቶ ቴሌቪዥኑን ጭኖ ሄደ። አባቴ ደጅ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ሸኘው፤ የት እንደሚያደርሱት አልጠየቀም። እኅቴ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ወጣችና ባዶውን ቦታ አየች።

«እኔንስ መቼ ነው የሚወስዱኝ?» አለች።

እናቴ ዳንቴሉን ማጠፍ ጀመረች።