ከጭቃው ያወጡን ሰዎች

ልጄ የሟች አባቷን አሮጌ ጂፕ በጭቃ መንገድ እየነዳች የምታሳይበት የቪዲዮ ቻናል ከፈተች። መጀመሪያ ተመልካቿ ዘመድ ብቻ ነበር።

በክረምት ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ አብሬያት ስሄድ ጭቃው ያዘን። የአካባቢው ሰዎች የእርሻ ሥራቸውን ትተው መጥተው በገመድ ጎትተው አወጡን። ቪዲዮው ላይ ግን ጂፑ ብቻውን ሲወጣ አየሁ።

«ሰዎቹስ?» አልኳት።

«እማ፣ ተጎተተች ከተባለ እኮ ይስቁብኛል።»

«አባትሽ በዚያ መንገድ ያልተጎተተበት ክረምት የለም። ሰዎቹን ካላስገባሽ ቁልፉን መልሺ።»

እያጉረመረመች አስገባቻቸው። ቻናሉን ብዙ ሰው ያወቀው በዚያ ቪዲዮ ነው።

እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ጎታቾቹ አንድ ላይ «ሆ» ሲሉ ለመስማት ነው። ባለቤቴ ተጎትቶ በመጣ ቁጥር ያንኑ ድምፅ እያስመሰለ ያወራልኝ ነበር።