ቀብዴን የተውኩ ቀን

ቂርቆስ ባለችው ሱቄ በርበሬ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። ያኔ የዛላው ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነበር። ካዛንቺስ ቢሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ «ሳይብስ ግዢና አከማቺ» ይለኝ ነበር፤ እሱ ራሱ አትርፎ ሊሸጥ ቤቱ ውስጥ በርበሬ ኩንታል በኩንታል ላይ ደርድሮ ቤተሰቡ ሲያስነጥስ ከረመ። እኔ ግን ለአንድ ነጋዴ ቀብድ ብቻ ሰጠሁ፤ በርበሬውን ቀብድ በሰጠሁበት ቀን ዋጋ አንድ ወር ሊያቆይልኝ፣ ካልወሰድኩ ቀብዱ ሊቀርለት ተስማማን።

ወሩ ሳያልቅ አዲሱ ምርት ገባና ዋጋው ወረደ። ወንድሜ ሱቄ ድረስ መጣ።

«ውሰጂው እንጂ! ቀብድሽ ሊበላ ነው!»

እኛ ሰፈር ቀብዱን ያስበላ ሰው ሞኝ ነው። ስንቱ «ቀብዴ አይበላም» ብሎ የማይረባ ዕቃ በውድ ተሸክሞ ገብቷል!

እኔ አልሸከምም። ዋጋው ቢወጣ ኖሮ ነጋዴው፣ ወደደም ጠላም፣ በተስማማንበት ይሰጠኝ ነበር። ቀብዱን የከፈልኩት ለዚያ ነው። ወረደ? ይብላው! ከሌላ ነጋዴ በርካሽ ገዛሁ።

«ቀብድሽን አስበላሽ» አለ ወንድሜ፣ ደንበኞቼ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ።

«አዎ፣ አስበላሁ!» አልኩት ከእሱ በላይ ጮኼ። «እኔ ትቼው የምሄደው ቀብድ ነበረኝ። አንተስ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ኩንታል ለማን ትተህ ትሄዳለህ?»