ካባውን የገፈፍኩበት ቀን

የኮሌጃችን «የጭምብል ቀን» ስሙ ነው እንጂ ጭምብል የሚያደርግ ሰው አልነበረበትም። ኮሌጁ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከኦሎምፒያ ብዙም ሳይርቅ ያለ፣ ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን የሚያሠለጥን ትንሽ ግቢ ነበር። በንጉሡ ጊዜ አንዲት የውጭ አገር የታይፕ አስተማሪ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ተማሪዎቿን «ቅዳሜ ከሰዓት ያልሆናችሁትን ሆናችሁ፣ ለብሳችሁ ኑና እንሳቅ» አለቻቸው። በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ አንድ ርዕስ ይመረጣል፤ ሁሉም ለርዕሱ የሚስማማ ልብስ ፈልጎ ይመጣል። የሰርግ ዓመት ነበረ፤ የባቡር ጣቢያ ዓመት ነበረ። ታላቅ እህቴ የተማረችበት ዓመት ርዕሱ ገበያ ነበርና ዶሮ ነጋዴ ሆና የእውነት አውራ ዶሮ በቅርጫት ይዛ ሄደች። ዶሮው አምልጦ የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣና ኬኩን ረገጠው። ይህን ታሪክ እቤት ስንት ጊዜ እንዳወራችው እንጃ። እውነቱን ለመናገር ያን ኮሌጅ የመረጥኩት ለታይፑ ብዬ አልነበረም፤ ለዚያች ቅዳሜ ብዬ ነው።

እኔ ስገባ ንጉሡም የሉም፣ የታይፕ አስተማሪዋም ወደ አገሯ ሄዳለች። ከለውጡ ወዲህ በዓሉ ተቋርጦ ነበር። ጠዋት ከቤት ሲወጡ መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ በሚያዩበት ጊዜ ለሳቅ ብሎ የሚለብስ ሰው ከየት ይመጣል? በኋላ አብዮቱን እንድናጠና የተቋቋመው የውይይት ክበብ መልሶ አቋቋመው። ስሙም ቀኑም የድሮው ነው፤ ርዕሱን ግን ተማሪው አይመርጥም። ክበቡ ወስኖ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል።

የመጀመሪያው ዓመት ርዕስ «ሠርቶ አደር» የሚል ነበር። ወንዱም ሴቱም ከጋራዥም ከዘመድም ቱታ ተውሶ መጣ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለለበስን ማንም ማንንም የሚያይበት ምክንያት አልነበረም። ንግግር አዳመጥን፣ መዝሙር ዘመርን፣ አንድ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደየቤታችን ተበተንን። ሰለቸኝ እንጂ አልተናደድኩም።

በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳው ላይ «የአሮጌው ሥርዓት ቀብር» የሚል ተለጠፈ።

የክበቡ ሊቀመንበር ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚማር ልጅ ነበር። የሰፈሬም ልጅ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ እንግሊዝኛ አቅቶት እናቱ አባቴን ለምና፣ ክረምቱን ሙሉ እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አባቴ ያስተማሩት ልጅ ነው። ምሳችንን በልቷል። አባቴ ዳኛ ነበሩ። ለውጡ ሲመጣ ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ አወጧቸው፤ ከጓሮ የሠሯቸውን ሁለት የኪራይ ክፍሎች «ትርፍ ቤት» ብሎ ቀበሌው ወሰደ። አባቴ አንድም ቀን ስለዚህ ሲያማርሩ አልሰማሁም። መጽሐፍ ያነባሉ፣ ጽጌረዳ ይኮተኩታሉ፣ የሰፈር ልጅ ያስጠናሉ። አንድ ጥቁር ካባ ነበራቸው፤ ዳኛ ሆነው ሲሾሙ እናቴ መርካቶ ወስዳ ያሰፋችላቸው፣ ጠርዙ ወርቃማ ክር ያለው። ለጥምቀትና ለሰርግ ካልሆነ ከቁም ሳጥን አይወጣም።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሊቀመንበሩ ሁለት ልጆች አስከትሎ ቤታችን መጣ። አባቴ በረንዳ ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ለኮሌጁ በዓል ካባዎን ልንዋስ ነው የመጣነው» አለ።

«ትያትር አላችሁ?»

«አዎ። የቀብር ነው።»

«የማን ቀብር?»

ሊቀመንበሩ ትንሽ አመነታና «የሥርዓቱ» አለ።

አባቴ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት። «ሥርዓቱ በቁመት እኔን ያክላል ማለት ነው እንግዲህ» አሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «አባባ፣ እንዳይሰጧቸው» አልኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ካስከተላቸው ልጆች አንዱ ደብተር ይዞ ነበር፤ ደብተሩን ገለጥ ሲያደርግ አባቴም አዩት።

«አንቺ ግቢ» አሉኝ። ተነሥተው ገቡና ካባውን ራሳቸው አውጥተው፣ አጥፈው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እጅ ነሣም። ያን እጅ መንሣቱን እስካሁን አልረሳሁለትም።

በማግስቱ ኮሌጅ ውስጥ ጠራኝና ድርሻዬን ነገረኝ። እሱ ባላባቱን ይሆናል፤ እኔ ጭሰኛዋን ሆኜ መጨረሻ ላይ ካባውን ከትከሻው ላይ እገፍፋለሁ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«ከራስሽ ቤት የወጣ ስለሆነ አንቺ ብትገፍፊው ትርጉም አለው» አለኝ። ድምፁ የመካሪ ነበር። «ትናንት በር ላይ ያልሽውን ልጆቹ ሰምተዋል። እኔ እንዲረሳ እያደረግኩ ነው። ለአባትሽም ብለሽ አስቢ።»

አሰብኩ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና እሺ አልኩ። እዚህ ላይ ስለራሴ የማሳምረው ነገር የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሣሩ ላይ ከጠረጴዛ የተሠራ መድረክ ቆመ። የፊተኛው ረድፍ ላይ የቀበሌ ሰዎች፣ ከኋላቸው አስተማሪዎች፣ ከዚያ ወላጆች ተቀመጡ። ወላጅ መቅረት አይችልም ተብሎ ነበር። አባቴ ከነከረባታቸው መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተማሪው አንዳንዱ ጉልተኛ፣ አንዳንዱ አራጣ አበዳሪ፣ አንዳንዱ ደብተራ ሆኖ ለብሷል። ሳየው ያ ሁሉ ልብስ ተሰፍቶ የመጣ አልነበረም። የአንዷ ልጅ እናት የሰርግ ቀሚስ አለ፤ የአንዱ አያት ጥምጥም አለ። ልብስ የተወሰደው ከእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ሊቀመንበሩ ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ፣ የአባቴን ካባ ደርቦ፣ ጅራፍ ይዞ ወጣ። ሰው ሳቀ። ይኼን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት የሚከተለውን ነው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ አፍንጫው ላይ የሌለ መነጽር በሌባ ጣቱ ገፋ አደረገና «ማለት ነው እንግዲህ» አለ። የሚያስመስለው አባቴን ነበር። ክረምት ሙሉ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም የተማረው። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ማለት ነው እንግዲህ» እያለ ጅራፉን ያጮኻል። የሰፈራችን ሰዎች መጀመሪያ ተያዩ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ፣ ከዚያ እነሱም ሳቁ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ጠዋት በተለማመድነው መሠረት ካባውን ቀስ ብዬ አንስቼ መሬት ላይ መጣልና አንድ መፈክር ማለት ነበረብኝ። ካባውን በሁለት እጄ ጨበጥኩና ባለኝ ኃይል ጎተትኩት። አንገቱ ላይ ያለው መቆለፊያ ተገነጠለ፤ ጨርቁ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተረተረ፤ እሱ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ትራሱ ሾልኮ ወጣ። እላዩ ላይ ቆሜ «አታፍርም? አታፍርም አንተ?» እያልኩ ጮህኩ። ትያትር አልነበረም። ልመታው ነበር ያሰብኩት።

ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ይቺ ናት የጭቁን ልጅ!» አሉ። ከመሬት ላይ ሆኖ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ጎበዝ፣ አሪፍ ሠራሽው» አለኝ። በሕይወቴ እውነተኛ ንዴቴን ሰው ፊት ያወጣሁት የዚያን ቀን ነው፤ እሱንም ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ሦስተኛውን ረድፍ አየሁ። አባቴ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

አብረን በእግር ወደ ቤት ሄድን። እናቴ በሩን ከፍታ «ካባውስ?» ስትል አባቴ «እዚያው ቀረ» ብለው ገቡ። ተከትዬአቸው ገባሁ።

«አባባ፣ ለምን አጨበጨቡ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ከረባታቸውን እየፈቱ ነበር። «መድረኩ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ እኮ» አሉኝ።

ከረባታቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀሉ። እኔ ግን በዚያ መልስ ብዙ ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ማለታቸው ይሁን፣ እየወቀሱኝ ይሁን፣ እኔን ለማትረፍ እንዳጨበጨቡ መንገራቸው ይሁን አላውቅም። እስኪሞቱ ድረስም አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ክበቡ «ባለፈው ባሳየሽው አቋም» ብሎ የአልባሳት ኃላፊ አደረገኝ። ሥራዬ የየቤቱን ልብስ እየዞሩ መሰብሰብ ነበር። እንቢ አልኩ፤ አሞኛል የሚል ደብዳቤም አልጻፍኩም፤ ፊት ለፊት «የሰው ልብስ አልለምንም» አልኳቸው። አንደኛ ሆኜ ተመረቅኩ፣ የክፍል ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሲመደቡ እኔን ቆላ ውስጥ ወዳለ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት ላኩኝ። ወባ ሁለት ጊዜ ያዘኝ። ለዚያ አላዝንም፤ ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ የማላፍርበት ያን እንቢ ማለቴን ነው።

አምና ሲኤምሲ አንዷ የክፍላችን ልጅ ቤት ተሰበሰብን። ኮሌጁን የሚያስታውስ መጽሔት ሊታተም ነው፤ የጭምብል ቀን ታሪክም ይገባል ተባለ። የክበቡ ሊቀመንበር የነበረው መጥቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ሻይ እየጠጣን ወደ እኔ ዞሮ «ከጠረጴዛው ስወድቅ ትዝ ይልሻል? ጋሼ እንዴት እንደሳቁ!» አለ።

«አባቴ አልሳቁም» አልኩት።

«እንዴ፣ ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ እኮ።»

«አጨበጨቡ። አልሳቁም። አንተ እንጀራቸውን እየበላህ ያየኸውን ጉሮሮ መጥረጋቸውን ሰው ፊት ሸጥከው።»

የቤቱ ባለቤት ብስኩት ያለበትን ሳሕን አነሣችና መልሳ አስቀመጠች። «ያኔ ልጆች ነበርን» አለ እሱ።

«ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ። ምናልባት እውነቱን ነው። በዚያ ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? ፍርሃት ካባውን ሊያስወስደው ይችላል። «ማለት ነው እንግዲህ» ማለትን ግን ማንም አላዘዘውም፤ እሱን ከራሱ ነው ያመጣው። ይህንኑ ነገርኩት። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ ማንም ቆዪ አላለኝም።

መጽሔቱ ባለፈው ወር ታትሞ ደረሰኝ። የእህቴ ዓመት ዶሮ አለ፤ የባቡር ጣቢያው ዓመት አለ። የእኔን ዓመት በአንድ መስመር አልፈውታል፦ «በዓሉ ወላጆች በተገኙበት በደመቀ ሁኔታ ተከብሯል።» ከወላጆቹ አንዱ አባቴ ነበሩ።