የአባቴ ሞተርና ቢጫዋ መብራት

አባቴ ጡረታ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ሚኒባስ ይገዛል ብሎ ነበር። እሱ የገዛው ሞተር ነው። ያውም የግብርና ባለሙያዎች ደብረ ማርቆስን የሚያቋርጡበትን ዓይነት ቀላል ሞተር ሳይሆን፣ ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ ሰፊ የኋላ መቀመጫና ሁለት የጎን ሻንጣ ያለው፣ ቆሞ ሲታይ በቅሎ የሚያህል ነገር። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠለት።

ለምን እንደገዛው የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ እየነዳ ዓባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ፣ እናቴ ደግሞ ቤት ሆና ስትጠብቀው ነው የኖሩት። አሁን ከኋላው አስቀምጦ ወር በወር፣ እህቷ ወዳለችበት ወደ ሮብ ገበያ ከተማ፣ ለማርያም ማኅበሯ ሊያደርሳት ፈለገ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በተጨናነቀ አውቶቡስ መሄድ ከብዷት ነበር። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ብዬ ጠርጥሬ ስለማላውቅ በጣም ደስ አለኝ።

እናቴ ግን ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችውና ዳሽቦርዱ ላይ የበራችው ቢጫ መብራት ምንድን ናት ብላ ጠየቀች። አባቴ መዋሸት አይችልበትም፤ የፍሬን ናት አላት። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

«ፍሬኑ ታሟል የምትል መብራት እያየሁ ከኋላህ አልወጣም። ስትጠፋ ጥራኝ» አለችው።

እኔ የሞተር መካኒክ ነኝ፤ ወደ አማኑኤል መውጫው ላይ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ሴት መካኒክ አለች ሲባል ሰምተው ለማየት ብቻ የሚመጡ ነበሩ። ደጄ ላይ ቆሞ የሚያፈጥ ሰው ስለማልወድ መፍቻ አስጨብጬ አሠራቸዋለሁ። እና መብራቷን እኔ አጠፋታለሁ ብዬ ፎከርሁ።

ፍሬኑ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ዓይነት ነው። በየጎማው አጠገብ የጎማውን ዙር እየቆጠረች ለኮምፒውተሩ የምትናገር ሴንሰር አለች። ፍሬን በድንገት ተይዞ አንዱ ጎማ ቀጥ ሊል ሲል፣ ኮምፒውተሩ ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ እያደረገ ሞተሩን ከመንሸራተት ያድነዋል። መብራቷ በርታ ከቀረች ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ያ ጥበቃ ግን የለም። በክረምት ከጮቄ ተራራ በኩል በጭቃ ለሚወርድ ሰው ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ልክ ነበረች።

ሴንሰሮቹን አውልቄ የተጋገረባቸውን ጭቃ ጠረግሁ። ሴንሰሯ የምትቆጥረውን ባለጥርስ ቀለበት አጸዳሁ፣ ባትሪውን ለካሁ፣ የጠቆረውን የፍሬን ዘይት በአዲስ ቀይሬ አየሩን አስወጣሁ። ከዚያ አስነስቼ ነዳሁት። ጥቂት እንደሄድሁ መብራቷ ጠፋች። ኮሮኮንች ላይ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ ያዝሁት፤ እጄ ላይ እየተርገበገበ ሞተሩን በሥርዓቱ አቆመልኝ። እየተኩራራሁ ለአባቴ አስረከብሁት።

በማግስቱ ጠዋት ደወለ። በርታለች።

መልሶ አመጣው። እኔ ጋ ሲደርስ ቁልፉን ያጠፋል፤ እኔ አስነስቼ ስነዳው መብራቷ ትጠፋለች። እሱ ቤት አድሮ ሲመጣ ደግሞ በርታ ትመጣለች። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ብልሽት በመብራቷ ብልጭታ ቆጥሬ አነበብሁት፤ የኋላ ጎማ ሲዞር የፊቱ አይዞርም ይላል። የፊቷ ሴንሰር ናት ብዬ ሽቦዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽሁ። ምንም የላትም። ተናድጄ አባቴን ምን እየነካካህ ነው አልሁት፤ ምንም አለኝ። እናቴ ተዪው፣ አውቶቡስ መች ጠፋ ትላለች። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ እስከሚቀጥለው ማርያም ካልተሠራ ሞተሩን እሸጠዋለሁ ማለት ጀመረ፤ ገዢም ማፈላለጉን ሰማሁ።

አንድ ቀን ሞተሩን ራሴ ላመጣው ብዬ በማለዳ ወላጆቼ ቤት ሄድሁ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሏል። ሞተሩ በመካከለኛ ማቆሚያው ላይ ቆሞ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቷል፤ ተነሥቶም አንደኛ ማርሽ ገብቶለት ብቻውን ይሽከረከራል። አባቴ በሚዞረው ካቴና ላይ ዘይት ያንጠባጥባል። በጭነት መኪናው ዘመን ሳይቀባና ሳያሞቅ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ሞተሩንም በየማለዳው እንደዚያው ያሰናዳዋል።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፤ የኋላው ጎማ ሲበር የፊቱ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ብልሽት ነው ብሎ መብራቷን ያበራል፤ ቁልፉ እስኪጠፋም አያጠፋትም። ለአባቴ አስረዳሁት። በዚያው፣ በሚዞር ካቴና አጠገብ ጣቱን ማስጠጋቱን እያነሣሁ ጮህሁበት። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው።

«እና የታመመው እኔ ነኛ» አለ፣ ፊቱ እየበራ።

ከዚያ ወዲያ ካቴናው የሚቀባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በእጅ እየተገፋ ሆነ። ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እናቴ እያጉረመረመች ጎማ ገፊ ሆነች።

የማርያም ዕለት እኔም ሥራዬን ትቼ ልሸኛቸው ሄድሁ። እናቴ ነጠላዋን ከሄልሜቷ ሥር አስራ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። አባቴ ሞተሩን አስነሣ። መብራቷ በራች።

«አልጠፋችም» አለች እናቴ።

ይህን አለማሰቤ አሁንም ያናድደኛል። መብራቷ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ትበራለች፤ ጤነኛ ከሆነ ጎማዎቹ ትንሽ ሲዞሩ ትጠፋለች። አባቴ እስከ መንገዱ ጫፍ ነድቶ ተመለሰ። ጠፍታለች። እናቴ አየቻት፤ ደህና አለችና በሩን ልትቆልፍ ገባች። እሷ ስትዘገይ አባቴ ሞተሩን አጠፋው። ቆሞ ቤንዚን ማቃጠል አይወድም፤ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው። እናቴ ስትመለስ ቁልፉን አዞረ። በራች። ያን ጊዜ ሞተሩን በመዶሻ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ይቺ መብራት መሄዳችሁን ካላየች አትጠፋም» አልኋት። «ቆመሽ ከጠበቅሻት እስከ ማታ ትበራለች።»

እናቴ መብራቷን አየች፤ ቀጥላ የአባቴን ጀርባ አየች። አባቴ ዞር አላለም። መሪውን ጨብጦ፣ ውጤቱ እንደሚነበብለት ተማሪ ወደ ፊት ያያል። እኔም ጨነቀኝ፤ እናቴ ይህን ሰው ዛሬ ብቻውን እንዳትሰደው ብዬ በልቤ ለመንሁ።

ጃንጥላዋን ሰጠችኝ። ትከሻውን ተደግፋ ወጣች።

«ንዳ» አለችው። «ጠፋች አልጠፋች እኔው አያታለሁ።»

ሞተሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። እናቴ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ ዳሽቦርዱን ስትመለከት ከኋላ አያታለሁ። የጎረቤቱ በር ዘንድ ሲደርሱ አንገቷን መለሰች፣ ሠፈሩ ሁሉ እያያት በሁለት እጇ ወገቡን አቀፈችው። እናቴ በሰው ፊት አባቴን ስትነካው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።