የሰው ስለት ይዤ

ባለፈው እሑድ እኛ ሰፈር፣ ማውንተንስ ኤጅ፣ ድንገት ዘነበ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነው የሚያየው፤ እኔም የጋራዡን በር ከፍቼ ቆምኩ። ከቤታችን ማዶ ካለው በረሃ የቁጥቋጦው ሽታ መጣ። ውሃ ሲነካው ብቻ የሚሰጠው፣ ግማሹ ሬንጅ ግማሹ ቅጠል የሚመስል ሽታ ነው። ልጄ አፍንጫዋን ሸብሽባ፣ "ማሚ፣ ምን ይሸታል ይሄ?" አለችኝ። "በረሃው ነው" ብቻ አልኳት። ለአንቺ ለጓደኛዬ ግን ልንገርሽ።

ያኔ ከእናቴ ጋር ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ነበር የምንኖረው፣ ቀለሙን ፀሐይ በላጠው አፓርታማ ውስጥ። እናቴ ካዚኖ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ ኮሌጅ ጀምሬያለሁ። አጠገባችን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸውን አንቲ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ነበር የምላት። በልጅነቴ እናቴ ሺፍቷ ሲረዝም ከትምህርት ቤት የምመለሰው ወደ አንቲ ቤት ነበር። ምስሯን በሩዝ እየበላሁ አደግሁ። ሥጋ የሚባል ነገር ቤቷ ስለማይገባ፣ እናቴ በጾም ቀን እንኳ "ቅቤ ብቻ እንዳትጨምሪባት" ብላ አምና ትተወኝ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ "ቤቲ" ይሉኛል። በቋንቋቸው "ልጄ" ማለት ነው፤ የሐበሻ ጓደኞቼ ግን ስሜ መስሏቸው እነሱም ቤቲ ብለውኝ ቀረ።

ከደረጃው ሥር በሸራ የተሸፈነች ጥቁር ሞተር ሳይክል ነበረቻቸው። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እዚያው ፓርኪንግ ሎቱ ላይ። "ዓይንሽ ወዳየው ነው የምትሄጂው፤ ጉድጓዱን አትዪ!" እያሉ ከኋላዬ ይጮኹ ነበር።

አንቲ ቀደም ሲል በካንሰር ታማ ሳለች ሽማግሌው ተስለው ነበር። ከዳነች፣ ብቻቸውን በሞተር ሳይክል በረሃውን አቋርጠው፣ ካሊፎርኒያ ውቅያኖሱ አጠገብ ካለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሄደው እንደ ሥርዓታቸው ለምስጋና ኮኮናት ሊሰብሩ። አንቲ ዳነች። ስለቱ ግን ኦቨርታይም አለ፣ ሙቀቱ ይለፍ፣ ልጁ ይመረቅ እየተባለ ከዓመት ዓመት ተላለፈ። በኋላ ዓይናቸው ደከመና መንጃ ፈቃዳቸውን የሚያድስላቸው ጠፋ። በዚያው ሰሞን የአንቲ በሽታ ተመልሶ መጣ።

አንድ ቀን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "እኔ ነኝ ያመጣሁባት" አሉኝ። አጠገባችን ሄንደርሰን ከተማ የሚኖረው ልጃቸው በመኪና ልውሰድህ ቢላቸው "የተሳልኩት በመኪና አይደለም" ብለው እምቢ ብለውታል።

"እኔ ልሂድልዎት?" ከአፌ ያመለጠኝ ሳላስበው ነው።

መልስ ሳይሰጡኝ አንቲ ከውስጥ ሰምታን ኖሮ ተጣራች። "ትሂድ! እኔም በወጣትነቴ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር የምሄደው። መንገዱን አይታ ትነግረኛለች።"

ለማሳመን የከበደችኝ እናቴ ነበረች። "ሞተር ሳይክል? ያውም ጣዖት ቤት?" ብላ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ስለት መሆኑን ስነግራት ግን እጇን አወረደች፤ እኔንም የወለደችኝ ተስላ ነው። ጠዋት የሄልሜቴን ማሰሪያ ራሷ አጠበቀችልኝ። "የሰው ስለት ሜዳ ላይ አይቀርም፤ አድርሺላቸው። አንቺ ግን እዚያ እንዳትሰግጂ" አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከተማው አልቆ በረሃው ሲጀምር ያ ሽታ በሄልሜቴ ሥር ገባ። ፀሐይ ከኋላዬ ወጣችና ጥላዬ ከፊቴ ረዝሞ አስፋልቱ ላይ ይሮጥ ጀመር። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ባለፉኝ ቁጥር ነፋሳቸው ይገፋኛል፤ መሪውን ጨብጬ ጣቶቼ ደነዘዙ። ፈርቼ ነበር። ከዚያ አንድ ረጅም ዳገት ወጥቼ ጫፉ ላይ ስደርስ ሸለቆው ከደረቀው ነጭ ሐይቁ ጋር ከሥሬ ተዘረጋ። ጮህኩ፤ በደስታ ነው የጮህኩት። ቀጥዬ ዘፈንኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬም ድረስ።

ነገሩ የከነከነኝ ቤንዚን ልቀዳ ስቆም ነው። አንቲ አልጋ ላይ ናት፤ ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠዋል። ይህ መንገድ የእሳቸው ነበር። ሳልጠራ የሰው ድግስ ገብቼ የበላሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ላለመዝፈን ከራሴ ጋር ታገልኩ፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ግን ተሸነፍኩ።

ቤተ መቅደሱ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ካለቀ በኋላ ከኮረብታዎቹ መሃል ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ጫማ የሚወለቅበት ነበር። በባዶ እግሬ የጋለውን ድንጋይ ስረግጥ ቤተ ክርስቲያናችን የደረስኩ መሰለኝና፣ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የበሩን መድረክ ተሳለምኩ። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ደንግጬ ቀና አልኩ።

ካህኑ ነጭ ጨርቅ ያገለደሙ ወጣት ነበሩ። "ጸሎቱ በማን ስም ነው?" አሉኝ።

"ለጎረቤቴ ነው፤ ታማለች።"

"ስሟ?"

ከልጅነቴ ጀምሮ በእጇ በልቻለሁ፤ ፀጉሬን ጎንጉናልኛለች፤ ትኩሳት ሲይዘኝ አጠገቤ አምሽታለች። ስሟን ግን አላውቅም። አንቲ ናት፤ በቃ አንቲ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያለ ስም እንደማይጸለይ አውቃለሁ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ያነሳችው ራሷ ናት።

"ደረስሽ?" ድምጿ ቀጥኗል።

"ደርሻለሁ። አንቲ... ስምሽን እየጠየቁኝ ነው።"

ሳቀች። "አላውቀውም በያ!" አለችና እንዳልሳሳት ቀስ ብላ ነገረችኝ። አለመቀየሟ ባሰብኝ።

ካህኑ ስሟን በዜማ ጠሩ። ደወሉ ሲደወል እንድትሰማው ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ኮኮናቱን ሽማግሌው እንዳሳዩኝ ድንጋይ ላይ መታሁት፤ ለሁለት ተሰነጠቀና ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ሎስ አንጀለስ የእናቴ ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ተመለስኩ። አንቲ መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፋ ጠበቀችኝ። ያመጣሁላትን ግማሽ ኮኮናት ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ "እሺ፣ መንገዱን ንገሪኝ። ነፋሱ እንዴት ነበር?" አለችኝ። ሽማግሌው ግርጌዋ ቆመው ያዩኛል። እናንተ ስትጨነቁ እኔ ስዘፍን ነበር ልበላቸው? ስለት ደግሞ የሚያምረው በድካሙ መሰለኝ።

"ከባድ ነበር" አልኳት። "ነፋሱ ያስቸግራል፣ ሙቀቱም። ቶሎ ባለቀ እያልኩ ነው የሄድኩት።"

"ምንም ደስ አላለሽም?"

"አይ አንቲ። ምኑ ደስ ይላል?"

"እህ" አለች። እጄን ዳበስ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ደክሟት መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። አንቲ ከኋላዬ ተቀምጣ ያንን መንገድ መሄድ ነበር የፈለገችው፤ እኔ ለጨዋነት ብዬ ከሞተሩ ላይ አወረድኳት።

ነገ እውነቱን እነግራታለሁ እያልኩ ፈተና መጣ፣ ሥራ መጣ። ሆስፒታል ገባች። ከዚያ አልወጣችም።

ለቅሶው ላይ ቤታቸው እንደ ባህላቸው ለሐዘን ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ዋሽቻታለሁ" አልኳቸው። "መንገዱ ከባድ አልነበረም። እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በደከመ ዓይናቸው ፊቴን ፈለጉት።

"ከየት ጀምሮ?" አሉ።

"ከመጀመሪያው ዳገት።"

"ይህን ብትሰማ ኖሮ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ግድግዳውን ተደገፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "በይ ቤቲ፣ ከዳገቱ ጀምሪልኝ።"

ጀመርኩ። ምንም ሳልደብቅ ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው። ሰዎቹ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩኝ ነው ያወቅሁት፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንዲሰማኝ የምፈልግ ይመስል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የማወራው።